ተሰውሮ የሚኖረው ሳል፤ በታላላቅ ከተሞች ያልታወቀውን የሳንባ ነቀርሳ ፈልጎ ስለ ማግኘት

ሰው በዕድሜው ሁለት ዓይነት ጠላት ይገጥመዋል። አንደኛው ነጋሪት አስጎስሞ፣ ሠራዊት አስከትሎ በግልጥ የሚመጣ ነው፤ እርሱን ሁሉ ያየዋልና አገር ተሰብስቦ ይከላከለዋል። ሁለተኛው ግን ወዳጅ መስሎ በቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ከማዕድ አብሮ እየበላ፣ ሕፃናቱን እያቀፈ፣ ማንም ሳያውቅበት ቀስ በቀስ ቤቱን የሚያፈርስ ነው። ከደዌ ሁሉ የዚህ የሁለተኛው ጠላት ጠባይ ያለው የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ኮሌራ ወደ አንድ ከተማ የገባ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ሕመምተኛው ይወድቃል፣ ጎረቤት ይደነግጣል፣ ሐኪም ይጠራል። የሳንባ ነቀርሳ ግን እንደዚህ አይደለም። የያዘው ሰው ብዙ ወራት፣ ምናልባትም ከዓመት የሚበልጥ ጊዜ፣ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማታም ተመልሶ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል። ቢያስለው «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል፤ ቢከሳ «ሐሳብ ነው ያከሳኝ» ይላል፤ ሌሊት በላብ ቢጠመቅ የብርድ ልብሱን ክብደት ምክንያት ያደርጋል። እንዲህ ራሱን ሲያታልል ደዌው ሳንባውን ይቦረቡራል፤ ከዚያም አልፎ ለሚወዳቸው ሰዎች በትንፋሹ ያካፍላቸዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በ2023 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 10.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ያህሉም ሞተዋል። በዚያው ዓመት ታውቀው በሐኪም መዝገብ የተጻፉት አዲስ ሕሙማን ግን 8.2 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከ2 ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ሳይገባ፣ ከሕመሙ ጋር በሰው መካከል ይመላለስ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጻችን የምንጽፈው ስለ እነዚህ ስለማይታወቁት ሕሙማን ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛው ወደ ሐኪም እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ሐኪሙ ወደ ሕዝቡ ወጥቶ ስለሚፈልግበት ሥራ ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይረዱልን።

ስለ ደዌው ጠባይ

በቀድሞ ዘመን ብዙ ሰዎች፣ ሊቃውንት የተባሉትም ሳይቀሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ ከአባት ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ይመስላቸው ነበር። ይህን አሳብ ያፈረሰው የጀርመን ሐኪም ሮበርት ኮክ ነው። እርሱም በ1882 ዓ.ም. መጋቢት 24 ቀን በበርሊን ከተማ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ቆሞ፣ ደዌውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ መሆኑን አስረዳ። በአንድ ቤት ውስጥ ወላጅና ልጅ ተከታትለው የሚታመሙት አንድ አየር ስለሚተነፍሱ እንጂ ሕመሙ በደም ስለሚወረስ አለመሆኑ ከዚያ ወዲህ ተገለጠ።

ተሐዋሲው ከታመመ ሳንባ የሚወጣው በሳል፣ በንግግርና በዜማ ጊዜ ነው። ከወጣም በኋላ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በእጅ በመጨባበጥ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በአንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍም። የሕመምተኛውን ሳህንና ኩባያ ለይቶ ማስቀመጥ ስለዚህ ሰውየውን ከማሳዘን በቀር ጥቅም የለውም፤ የሚጠቅመው መስኮት መክፈትና ቶሎ ማሳከም ነው።

ተሐዋሲው የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ከ100 ሰው በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው፤ በሌሎቹ ዘንድ ሰውነታቸው አስሮ ይይዘዋል። ዳሩ ግን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ምግብ ያነሳቸው፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ይልቁንም የኤች አይ ቪ ተሐዋሲ በደማቸው ያለ ሰዎች የመታመማቸው ዕድል ብዙ ነው። ሕክምና ያልጀመረ አንድ ሕመምተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ለሚደርሱ ሰዎች ተሐዋሲውን ሊያስተላልፍ እንደሚችል የጤና ሊቃውንት ይገምታሉ። ታላላቅ ከተሞች ለዚህ ደዌ የተመቹ የሆኑትም ስለዚህ ነው፤ ሕዝብ በጠባብ ቤት ይከራያል፣ በአንድ ክፍል አምስትና ስድስት ሆኖ ያድራል፣ በአውቶቡስ ተጨናንቆ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው። በእስያና በአፍሪካ አገሮች በሕዝብ መካከል በተደረጉ ሰፊ ምርመራዎች ተሐዋሲው በአክታቸው ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ ስለ ሕመማቸው በተጠየቁ ጊዜ፣ ሳልም ሆነ ሌላ ምልክት የለብንም ያሉ ናቸው። ሕመም የማይሰማው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሊሄድ ምን ምክንያት አለው? በሐኪም ቤት ደጅ ተቀምጦ ሕመምተኛን የሚጠብቅ ሐኪምም ከሕሙማኑ ብዙዎቹን ዘግይቶ ያገኛቸዋል፤ አንዳንዶቹንም ከነጭራሹ አያገኛቸውም።

ዓይን የማያየውን ስለሚያሳይ መሣሪያ

ይህን ስውር ደዌ ለማየት የመጀመሪያውን መንገድ የከፈተው በ1895 ዓ.ም. ራጅን ያገኘው ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ነው። በራጅ ብርሃን ደረት ውስጥ ያለው ቁስል እንደ ጥላ ይታያል። ይሁን እንጂ ትልቁ የራጅ ፊልም ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ለጥቂት ሰዎች እንጂ ለከተማ ሕዝብ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ይህን ችግር ያቃለለው የብራዚል ሐኪም ማኑኤል ደ አብሬው ነው። በ1936 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ከተማ፣ በራጅ መስተዋት ላይ የሚታየውን ጥላ በትንሽ ፊልም ፎቶግራፍ የማንሣት ዘዴ በሥራ ላይ አዋለ። ይህም ዋጋው ትንሽ፣ ሥራውም ፈጣን ስለ ሆነ በመኪና ላይ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ ሊሄድ ቻለ። በእንግሊዝ አገርም ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው ዘዴ ሕዝብን በብዛት ለመመርመር አገለገለ።

የግላስጎው ከተማ ሥራ

በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ለምሳሌ የሚበቃው በስኮትላንድ አገር በግላስጎው ከተማ የተደረገው ነው። ግላስጎው መርከብ የሚሠራባት፣ ብረት የሚቀልጥባት፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የነበረባት ከተማ ናት። ሠራተኛው ሕዝብ የሚኖረው በድንጋይ በተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ተጨናንቆ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያድርበት ቤትም ብዙ ነበር። በ1950 ዓ.ም. በከተማይቱ ከ100,000 ሰው 222 በሳንባ ነቀርሳ ታመው ተመዝግበዋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየዓመቱ ቢቀንስም ቅነሳው ከ100 ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነበር። በዚህ አካሄድ ደዌውን ለማጥፋት ትውልድ እንደሚያልፍ የታወቀ ነው።

ስለዚህ የከተማው ባለሥልጣኖች አንድ ውሳኔ ወሰኑ፤ ይኸውም የታመመውንና ያልታመመውን ሳይለዩ፣ ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ነዋሪ ሁሉ ለመጥራት ነው። የራጅ መሣሪያ የጫኑ መኪናዎች ከብሪታንያ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ተሰበሰቡ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ ሊያገለግሉ ተመዘገቡ፤ እነርሱም ቤት ለቤት እየዞሩ የየሰፈሩን ሰው ጋበዙ። የተመረመረ ሰው ሁሉ በልብሱ ላይ የሚሰካው ምልክት ይሰጠው ነበር፤ ሕዝቡም እንዲተጋ ዕጣ የሚወጣበት ሽልማት ተዘጋጀ። በ1957 ዓ.ም. ከመጋቢት 11 ቀን እስከ ሚያዝያ 12 ቀን በቆየው በዚህ ሥራ፣ በአምስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ 714,915 ሰዎች በራጅ ፊት ቆሙ። ከእነዚህም 622,349ኙ ዕድሜያቸው ለምርመራው የደረሰ የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ፤ ይህም ከተጠሩት ነዋሪዎች ከ100 ሰባ ስድስቱ ማለት ነው።

በምርመራው 2,369 ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው። ከ1,000 ሰው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው፤ ይህ ቁጥር ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከእነዚህ እያንዳንዱ ሚስት ወይም ባል፣ ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ነበረው። በዚያ ዓመት የተመዘገቡት ሕሙማን ቁጥር በሁለት እጥፍ ያህል ከፍ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ምርመራው ባይደረግ ይጠበቅ ከነበረው በሲሶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚያም ወዲህ እስከ 1963 ዓ.ም. በየዓመቱ የሚታየው ቅነሳ ከ100 ሁለት ተኩል ከማይሞላው ወደ 5.4 ከፍ አለ። በ2024 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የዚያን ዘመን መዝገብ መርምሮ፣ በዚህ በአምስት ሳምንት ሥራ ምክንያት 4,599 ያህል ሰዎች ከመታመም እንደ ዳኑ ገምቷል። እነዚህ ሰዎች ከምን እንደ ዳኑ ሳያውቁ ኖረዋል፤ የመከላከል ሥራ አመስጋኝ የማይገኝለትም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሥራ የምንማረው

የግላስጎው ሥራ የተሳካው በራጁ ብዛት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባናል።

መጀመሪያ፣ መፈለግ የተጀመረው መድኃኒት ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ አይሶኒያዚድ ደግሞ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ደዌ ዋለ። በጎረቤት ከተማ በኤዲንብራ ዶክተር ጆን ክሮፍተንና ባልደረቦቹ ሦስት መድኃኒቶችን ባንድነት በመስጠት ሕመምተኛው ሙሉ በሙሉ ሊድን እንደሚችል በ1950ዎቹ ዓመታት አሳይተው ነበር። ደዌህን አግኝተንብሃል ብሎ መድኃኒት ሳይሰጡ መስደድ ግን ምሕረት የሌለበት ሥራ በሆነ ነበር። ዛሬም ፍለጋ የሚጀምር ከተማ አስቀድሞ መድኃኒቱን፣ አስታማሚውንና ሕመምተኛው በሚታከምበት ጊዜ ቤተሰቡ የሚበላውን ማሰብ አለበት።

ሁለተኛ፣ የተጠራው ሁሉም ነው። ደሀው ብቻ፣ ወይም የሚያስለው ብቻ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ከመኪናው ፊት መቆሙ ራሱ ነውር በሆነ ነበር። ጌታውና ሠራተኛው በአንድ ሰልፍ በቆሙ ጊዜ ግን መመርመር የመልካም ዜጋ ምልክት ሆነ። ምልክቱንም ሰው በኩራት ደረቱ ላይ ሰካው።

ሦስተኛ፣ ያልመጡትን ማሰብ ይገባል። ከተጠሩት ነዋሪዎች 197,000 ያህሉ አልተመረመሩም። በየትም አገር ሲታይ ከእንዲህ ያለ ጥሪ የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሌላቸው፣ መጠጥ የያዛቸው፣ ወይም ከሥራ መባረርን የሚፈሩ ናቸው፤ ደዌውም የሚወዳቸው እነዚሁኑ ነው።

ነገሩን በሚዛን ለማስቀመጥ ያህል፣ በዚያው ዘመን የግላስጎው የቤት ይዞታ መሻሻልና የመድኃኒቱ መስፋፋትም ደዌውን ለማዳከም ረድተዋል። ከዚህም በቀር የዓለም የጤና ድርጅት የሊቃውንት ጉባኤ በ1974 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ያለ ልዩነት ሕዝብን ሁሉ በመኪና ራጅ የመመርመር ልማድ እንዲቀር መክሮ ነበር። ምክንያቱም ደዌው በቀነሰባቸው አገሮች አንድ ሕመምተኛ ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ በመሆኑ፣ ድሆች አገሮችም ሐኪም ቤታቸውን ሳያደራጁ መኪና እንዳይገዙ ነው። ምክሩ በጊዜው ማስተዋል ነበረበት። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች ፍለጋውን ጨርሰው ተዉት፤ ሕመምተኛው በራሱ እግር እስኪመጣም መጠበቅን ሕግ አደረጉት።

በሐራሬና በለንደን

የመጠበቁ ሕግ እንደማይበቃ ካሳዩት ከተሞች አንዷ የዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ናት። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ሕዝብ በተጨናነቀባቸው በከተማይቱ ዳርቻዎች በ46 መንደሮች ውስጥ ፍለጋ ተደረገ። በግማሾቹ መንደሮች ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ፤ በቀሩት ደግሞ ድምፅ ማጉያ ያለው መኪና መጥቶ ይቆምና ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለውን ሰው ሁሉ ለአክታ ምርመራ ይጠራ ነበር። ሥራው በስድስት በስድስት ወር ልዩነት ተደጋገመ። ከዚያ በፊት ከ1,000 ጎልማሶች 6.5 የነበረው የሕሙማን ቁጥር ወደ 3.7 ዝቅ አለ። የሚገርመው ነገር ከቤት ለቤቱ ይልቅ በመኪናው ዘዴ የተገኙት ሕሙማን መብለጣቸው ነው። ለእኛ እንደሚመስለን ሰው ጎረቤት እያየው በሩ ከሚንኳኳበት ይልቅ በራሱ ፈቃድ ወደ መኪናው መሄድ ይቀልለዋል፤ ሰው ከሕመሙ ይልቅ ስሙን ይፈራልና።

በቬትናም አገር በካ ማው አውራጃ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው ፈተና ደግሞ፣ ስፍራው ታላቅ ከተማ ባይሆንም፣ ነገሩን በይበልጥ አስረግጧል። በዚያ ጎልማሳው ሁሉ፣ ሳል ይኑረው አይኑረው ሳይባል፣ ሦስት ዓመት በየዓመቱ አክታው ተመረመረ። ከዚያ በኋላ በተመረመሩት ቀበሌዎች የተገኘው የሕሙማን ቁጥር ካልተመረመሩት ከ100 በ44 ያነሰ ሆነ።

ደዌው በጠቅላላው ሕዝብ መካከል እጅግ በቀነሰበት ከተማ ግን ፍለጋው መልኩን ይለውጣል። በለንደን ከተማ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የራጅ መኪና የሚላከው ቤት የሌላቸው ሰዎች ወደሚያድሩባቸው ስፍራዎች፣ ወደ ወህኒ ቤቶችና ዕፅ የያዛቸው ሰዎች ወደሚረዱባቸው ቤቶች ነው። ከሠራተኞቹም መካከል ራሳቸው ያን ኑሮ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ በድልድይ ሥር የሚያድር ሰው ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተኝቶ የሚያውቀውን ሰው ያምነዋልና።

በአሁኑ ጊዜ መሣሪያውም ተሻሽሏል። አክታን መርምሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተሐዋሲውን የሚያሳይና መድኃኒት የለመደ መሆኑንም የሚገልጥ መሣሪያ በ2010 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት ጸድቋል። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ድርጅት የደረት ራጅን ኮምፒዩተር እንዲያነብ ፈቀደ፤ ራጅ አንባቢ ሐኪም በሌለበት መንደር እንኳ የሚጠረጠረው ሰው ወዲያው ተለይቶ ለአክታ ምርመራ ሊላክ ይችላል። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ፣ ከ1,000 ሰው አምስትና ከዚያ በላይ በሚታመምበት ስፍራ ሕዝብን ሁሉ መመርመር እንደሚቻል ገልጧል። በራጅ የታየ ጥላ ሁሉ ነቀርሳ ስላልሆነ ግን፣ በአክታ ምርመራ ሳይረጋገጥ ማንንም ሕመምተኛ ነህ ማለት አይገባም።

ስለ አገራችን

ኢትዮጵያ ይህን ደዌ ከድሮ ጀምራ ታውቀዋለች። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ አጠገብ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ በመሆን የታወቀ ነው። ሕመምተኛን ሄዶ የመፈለግ ሥራም በአገራችን ተፈትኗል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሲዳማ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች በየመንደሩ እየዞሩ የሚያስለውን ሰው ፈልገው፣ አክታውን እዚያው ተቀብለው ወደ ምርመራ አደረሱ። በዚህም ከ100,000 ሰው 64 ብቻ የነበሩት የሚታወቁ ሕሙማን ወደ 127 ከፍ አሉ። ይህ ማለት ደዌው ጨመረ ማለት አይደለም፤ ተሰውሮ የነበረው ተገለጠ ማለት ነው። ይህ የተደረገው በገጠር ነው። በር ሁሉ በተቆለፈበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ታላቅ ከተማ ግን ሥራው ሌላ ብልሃትና የባለቤቶችን እርዳታ ይፈልጋል።

የቤት ጌታና የአለቃ ድርሻ

አሁን አንድ ደኅና ኑሮ ያለውን የከተማ ቤት እናስብ። ጌታው በመሥሪያ ቤት የተከበረ ነው፤ እመቤቲቱ ቤቷን በሥርዓት ታስተዳድራለች፤ ልጆቹ በመልካም ልብስ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በጓዳ ወጥ የምትሠራ ሴት አለች፤ ሕፃኑን የምታዝል ሞግዚት አለች፤ በበሩ አጠገብ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል የሚያድር ዘበኛ አለ። ዘበኛው ካሳለው ሁለት ወር ሆኖታል፤ መታጠቂያውም እየሰፋበት ሄዷል። ነገር ግን ጌታው ሲያልፍ ሳሉን በጋቢው አፍኖ ይይዛል። ለምን? «ታምሜአለሁ» ቢል በማግሥቱ ዕቃህን ይዘህ ውጣ እንደሚባል ስለሚያስብ ነው። እርሱ ሳሉን በደበቀ ቁጥር የሞግዚቲቱ ሳንባ፣ ቀጥሎም የሕፃኑ ሳንባ በአደጋ ላይ ይወድቃል። ቤቱ በግንብ የታጠረ ነው፤ ደዌው ግን በሰው ፍርሃት በኩል ገብቷል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ተረት። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱን ስንተርት ሰውየው በሽታውን የሚደብቀው ከማን እንደ ሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። የሚደብቀው ከሐኪም አይደለም፤ እንጀራውን ከሚሰጠው ሰው ነው። እንግዲህ ደዌውን መፈለግ የሐኪም ሥራ ነው፤ ሕመምተኛው ሳይፈራ እንዲገኝ ማድረግ ግን የቤት ጌታ፣ የእመቤትና የመሥሪያ ቤት አለቃ ሥራ ነው። ከተማ ሙሉ ራጅ ቢቆምበት፣ መገኘት መባረር ከሆነ፣ ሰው ከመኪናው ፊት ይሸሻል እንጂ አይቀርብም።

ስለዚህ ጥቂት ምክር ጨምረን ጽሑፋችንን እንፈጽማለን።

በቤቱ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው፣ የሚከሳ፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰው ወይም ሌሊት የሚያልበው ሰው ቢኖር፣ ልጅም ይሁን አገልጋይ፣ የቤቱ ጌታ ራሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው፤ ከሁሉ አስቀድሞም «ብትታመም ሥራህ ይጠብቅሃል» የሚለውን ቃል ይስጠው። ይህ ቃል ከመድኃኒት የሚቀድም መድኃኒት ነው።

በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሕመሙ ከተረጋገጠበት የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ምንም ባይሰማው፣ ይመርመር። ሕፃናት ይልቁንም አይዘንጉ፤ ያልታመሙትም ቢሆኑ ደዌው እንዳይነሣባቸው የሚከላከል መድኃኒት አለና ሐኪም ያዝዝላቸዋል።

የመድኃኒቱ ዘመን በተለመደው ሥርዓት ስድስት ወር ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ሳምንት ሳሉ ይቀልለታል፣ ምግብ ይጣፍጠዋል፣ ወደ ሌላ የማስተላለፉም ኃይል ይደክማል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ድኛለሁ ብለው ይተዉታል፤ ተሐዋሲውም መድኃኒቱን ይለምድና ሲመለስ የሚበግረው ይጠፋል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ስለ ሆነ ከሕመምተኛው የሚፈለገው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ከአለቃውም የሚፈለገው ፈቃድ መስጠት ነው።

የመሥሪያ ቤት አለቃ ደግሞ የራጅ መኪና ወደ ግቢው እንዲመጣ የተፈቀደ እንደሆነ፣ ጸሐፊውንና ተላላኪውን ልኮ እርሱ በወንበሩ ላይ አይቅር፤ ከሁሉ በፊት እርሱ ራሱ ይቁም። ትልቁ ከቀደመ ትንሹ ያለ ኃፍረት ይከተላል። በግላስጎው ሠራተኛውና ባለጠጋው በአንድ ሰልፍ ቆመው ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መስኮትን መክፈት፣ የዘበኛን ክፍል ማስፋት፣ የሚያስለውን ሰው በቁጣ ሳይሆን በርኅራኄ መጠየቅ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፣ ዛሬ በአንዲት ጥያቄ የሚመለሰው ደዌ ነገ በብዙ እንባ አይመለስም። እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን ገጽ አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት፣ ዛሬ ማታ በበራችሁ አጠገብ የሚሰማውን ሳል ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ ነገም በጠዋት ያን ሰው ስለ ጤንነቱ ጠይቁት።